ሠላሳ አንድ መጋጠሚያ

የበደለኝ ጓድ ይርዳው ነው። ጊዜው በደርግ ዘመን፣ የአብዮት በዓል ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ፣ በጥቅምት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቦታው የመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ የሚሰበሰብበት የምግብ አዳራሽ ነው። ሰባ የምንሆን ሠራተኞች ተቀምጠናል። ከፊት ቆሞ በጣቱ አመለከተኝና፣ «በቀራንዮ መስመር ላይ የሰው ንግግር የምትቆርጠው አሻጥረኛ ይቻት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች» አለ። የአባቱን ስም አልጽፍም፤ ልጆች አሉት፤ ልጆቹ አልበደሉኝም። የእሱን ግን እጽፋለሁ። ይርዳው።

ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ የእህቴ ልጅ ነች። በቅርቡ ደውላልኝ ስናወራ ስልኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው፣ «ኔትወርክ ነው እትዬ፣ ይተዉት» አለችኝ።

«ሲቋረጥ የት ነበርሽ? ቆመሽ ነው ወይስ እየሄድሽ? ድምፄ እየቀጠነ ሄደ ወይስ አንዴ ድርግም አለ?»

«ወይ እትዬ! ኔትወርክ ነው አልኩዎት እኮ!» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ልቤ ነው የዘለለው። ንግግር መሀል ላይ ሲበጠስ ከዝምታው ጀርባ አንድ ምክንያት ተደብቆ ተቀምጧል። አንድ ብቻ። ስም አለው፣ ቦታ አለው፣ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ያን ሳድን ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ ከዚያ የሚጣፍጥ ሥራ ዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላምንም። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ አልጽፍም።

ሥራዬ የመፈተኛ ጠረጴዛ ይባላል። ደንበኛ «ስልኬ ተበላሸ» ሲል ካርድ ይሞላል፤ ካርዱ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ መስመሩን ይዤ ጉድለቱ ከደንበኛው ቤት ይሁን፣ ከምሰሶ ላይ ይሁን፣ ከኛው ከማዕከሉ ይሁን እናገራለሁ። ከዚያ ሠራተኛ መሰላሉን ተሸክሞ እኔ ወዳልኩት ቦታ ይሄዳል። መጀመሪያ መርካቶ አጠገብ፣ ቀጥሎ ሁለት ዓመት ክፍለ ሀገር፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጡረታዬ ኮልፌ ሠርቻለሁ።

ያስተማሩኝ ጋሽ ሙዘይን ናቸው። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ ቀጭን፣ ኮሌታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበሩ። መስመር ከመያዛቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል፤ «ቲክ ቲኩ ያታልለኛል» ይላሉ። ማዳመጫውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍኑና ውስጥ ውስጡን እስከ ስልሳ ይቆጥራሉ። ምንም አይነኩም፣ ምንም አይለኩም፤ ይሰማሉ። ውሃ የገባበት መስመር መጥበሻ ላይ እንዳለ ቅባት ይንጫጫል። ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ የሌላ ሰው ወሬ ከሩቅ ይሰማል። የላላ ግንኙነት ደግሞ ደረቅ ቅጠል እንደሚረግጥ እግር ኮሽ ይላል፤ እሱን ለመስማት ነው ስልሳ ድረስ የሚቆጥሩት፤ አንዳንዱ እግር በሃምሳ ስምንተኛው ነው የሚረግጠው።

አንድ ቀን ቸኩዬ ሳልሰማ ወደ መለኪያው ስዘረጋ እጄን ያዙኝ።

«አስካለ፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት ሲመጣ መጀመሪያ በጥፊ ይመታል?»

«አይመታም ጋሼ።»

«ምን ይባላል?»

«የት ጋ ነው የሚያምህ ይባላል።»

«ታዲያ መስመሩን ምን አጠፋ ብለሽ ነው በጥፊ የምትይው?»

መለኪያው ሜገር የምንለው ነው። እጀታውን ሲያሽከረክሩት ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ይረጫል፤ ሽቦው ልባሱ ደህና መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። ጥፊ ያሉት እሱን ነው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ይርዳው ከሌላ ክፍል ተሹሞ መጣ። መስመር አያውቅም፤ መፈክር ያውቃል። በዚያው ክረምት የቀራንዮን ቀበሌዎች፣ የነሱን የበላይ የከፍተኛውን ጽሕፈት ቤትና ጤና ጣቢያውን በስልክ ለማገናኘት ዘመቻ ታወጀ። ከኮልፌ እስከ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ድረስ አዲስ ኬብል በምሰሶ ተሰቀለ። ኬብል አንድ ወጥ ሆኖ አይመጣም፤ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያያዘው። በየመጋጠሚያው እያንዳንዱ ሽቦ ከወንድሙ ጋር ይጠመዘዛል፣ ይበየዳል፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ በእጅጌ ይታሸጋል። በነሐሴ ዝናብ ይህ ዝግ ያለ ሥራ ነው። የይርዳው ቡድን ግን ከሌላ ሰፈር ቡድን ጋር ይወዳደር ስለነበር ከተባለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ጨረሰ። ዋንጫ ተሰጠው። ጭብጨባው ሲያልቅ ጋሽ ሙዘይን በቀስታ፣ «በዚህ ፍጥነት ብየዳው እንዴት ደረሰ?» ብለው ጠየቁ።

በሳምንቱ «ልምድዎን ሜዳ ላይ ለወጣቱ ያካፍሉ» ተብለው፣ ጸጉራቸው ሸብቶ ምሰሶ ወጪ ሆኑ። ጠረጴዛው ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም ምንም አልተናገርኩም። ጠረጴዛውን እፈልገው ነበር።

አሁን የማይጻፈውን እጽፋለሁ።

መስከረም እንደገባ ከቀራንዮ ጤና ጣቢያ ሲስተር ዘውዴ የምትባል ነርስ ስልካቸው መሀል ላይ እንደሚቆረጥ አስመዘገበች። መስመሩን ያዝኩ። አልሰማሁም። ብቻዬን ጠረጴዛ የተሰጠኝ አዋቂ ነኝ፤ ስልሳ የምቆጥርበት ጊዜ የለኝም። ሜገሩን አሽከረከርኩ፤ መርፌው «ደህና» በሚለው በኩል ቀጥ ብሎ ቆመ። «ጉድለት አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። እውነትም ስልኩ ደህና ሆነ። በአምስተኛው ቀን እንደገና ደወለች። እንደገና አሽከረከርኩ፤ እንደገና ደህና ሆነ። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀ።

«እህቴ፣ መለኪያዬ አይዋሽም። ስልኩን የሚነካካባችሁ ሰው ይኖራል፤ ቆልፉበት።»

«ከእኔ ሌላ የሚነካው የለም እኮ!»

«እንግዲያው አጥብቀሽ ያዢው።»

ይህን ብያለሁ። በዚህ አፌ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት ወላድ ደም አልቆም አላት። ሲስተር ዘውዴ አምቡላንስ ልትጠራ ደወለች፤ «እናት እየደማችብን ነው፣ የምንገኘው…» እንዳለች ተቆረጠ። ደገመች፤ እዚያው ላይ ተቆረጠ። በመጨረሻ ሰው በሩጫ ወደ ኮልፌ ላኩ። አምቡላንሱ ሲደርስ ሁለት ሰዓት አልፏል። እናትየው ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

አራተኛውን ካርድ ሲስተር ዘውዴ በስልክ አላስሞላችም፤ በእግሯ መጣች። ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም። ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ፣ «ያ ሕፃን ሞቷል። ይህንንም ካርዱ ላይ ጻፊው» አለችኝና ወጣች። እስክሪብቶውን አነሣሁ። ካርዱ ለዚያ የሚሆን መስመር የለውም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የከፍተኛው ሊቀመንበር ከበላዩ ጋር ሲነጋገር ተቆረጠበት። ይህ ሌላ ነገር ነው። ሕፃን ሲሞት ያልተንቀሳቀሰው ይርዳው አሁን ካርዶቹን ሁሉ ሰበሰበ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በውይይት ክበቡ ያን ጣቱን ቀሰረ።

«ጓዶች! ይህን መስመር አስካለ ስትነካው ይድናል። ስትተወው ይታመማል። ሰባት ጊዜ ነካችው፣ ሰባት ጊዜ ዳነ፣ ሰባት ጊዜ ታመመ። የሚያድነው እጅ አይደለም ወይ የሚያሳምመው?»

አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጡት ሳይቀሩ አጨበጨቡ፤ ስማቸውን አውቃለሁ፣ ትቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሻጥሬን ራሴ ካልተናዘዝኩ ጉዳዩ ለጸጥታ ይተላለፋል ተባለ። ያን ጊዜ የተላለፈ ጉዳይ ምን እንደሚሆን ለማስረዳት አልሞክርም። የኖረበት ያውቀዋል።

ስንወጣ ጋሽ ሙዘይን በሩ ላይ ጠበቁኝ። የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር።

«አስካለ፣ ሰውዬው የተናገረው እውነት ነው እኮ።»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ስትነኪው ይድናል። ሳያውቀው ትልቅ ነገር ተናገረ። ለምን ሰደበኝ የሚለውን ተዪና፣ ለምን ይድናል ብለሽ ጠይቂ።»

ይርዳው ከጠረጴዛው አንሥቶ ካርድ ማስቀመጫ ክፍል አስገባኝ። ቅጣት መስሎት ነው። አዳኝን ቀጥቶ ጫካ መሀል እንደ መልቀቅ ነበር! የቀራንዮን መስመር ካርዶች በሙሉ አውጥቼ ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው፤ የሊቀመንበሩ፣ የቀበሌዎቹ፣ የጤና ጣቢያው። አርባ ሦስት ነበሩ። በደንበኛ ደረደርኳቸው፤ ምንም የለም። በሰዓት ደረደርኳቸው፤ አብዛኛው ከጠዋቱ ሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። በቀን ስደረድራቸው ግን ዱካው ወጣ። ረቡዕ። ቅዳሜ። ረቡዕ። ረቡዕ። ቅዳሜ። አርባ አንዱ የቀራንዮ ገበያ ቀን ላይ ወደቁ።

ይኼኔ ነው ጥፊው ትዝ ያለኝ። ካርዶቹ መሀል ቁጭ ብዬ ለብቻዬ ጮህኩ። የመዳብ ሽቦ ተጠምዝዞ ሳይበየድ ቢቀር፣ በነሐሴ ዝናብ እርጥበት ይዞ ቢታሸግ፣ ስስ ዝገት ያለብሳል። ዝገት ንግግር አያሳልፍም። እኔ ሜገሩን ሳሽከረክር ያ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ዝገቱን በስቶ ያልፋል፤ መስመሩም ይድናል። ለጥቂት ቀን። ከዚያ የገበያ ቀን ይመጣል፤ አንድ ነገር ሽቦውን ይነቀንቀዋል፣ የተበሳው ነጥብ ይላቀቃል፣ ንግግሩ ይበጠሳል። መለኪያዬ አልዋሸም። ራሱ እያዳነ «ጤነኛ ነው» ይለኝ ነበር። ስልሳ ብቆጥር ኖሮ ግን ያ ደረቅ ቅጠል በመጀመሪያው ካርድ ላይ ይሰማኝ ነበር።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ገበያ ቀን የሚነቀንቀው ማነው?

ረቡዕ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ፣ ጋሽ ሙዘይን መሰላላቸውን ይዘው፣ ቀራንዮ ወረድን። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እያየን ስንሄድ፣ ከጤና ጣቢያው አምሳ እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ቆምን። የምሰሶው መወጠሪያ ሽቦ ከላይ ወርዶ መሬት የተተከለው በእትዬ ድንቄ ጠላ ቤት በር ላይ ነው። መወጠሪያው ላይ አምስት አህዮች ታስረዋል። ባለቤቶቻቸው ውስጥ ገብተው ጉሮሯቸውን ያርሳሉ። አህዮቹ ዝንብ ባረፈባቸው ቁጥር አንገታቸውን ይጎትታሉ፤ አንገታቸውን በጎተቱ ቁጥር ምሰሶው አናቱን ይነቀንቃል። መጋጠሚያው ያለው አናቱ ላይ ነው።

ጋሽ ሙዘይን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሱብሃን አላህ!» አሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ።

ጤና ጣቢያው ሮጬ ገባሁ። ሲስተር ዘውዴ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

«ሲስተር፣ ስልካችሁን ልጠቀምበት።»

«አጥብቀሽ ያዢው» አለችኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ለተተካችው ለጸሐይ ደወልኩ። «ጸሐይ፣ ሜገሩን እንዳትነኪ! ዝም ብለሽ ቁጠሪልኝ።»

«ምን ልቁጠር?»

«ቁጥር! አንድ፣ ሁለት… እኔ በቃ እስክልሽ።»

መቁጠር ጀመረች። ከስልኩ ሆኜ ምሰሶው አይታየኝም። «ሲስተር፣ በመስኮት ተመልከቺልኝ። ጋሽ ሙዘይን ምን እያደረጉ ነው?»

እያቅማማች ወደ መስኮቱ ሄደች። «አህያ እየገፉ ነው።»

እትዬ ድንቄ ወጥታ ስትጮህ እስከ ክፍሉ ተሰማ። «እናንተዬ! የሰው አህያ ምን አድርጋችሁ ነው?»

«እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» አሉ ጋሽ ሙዘይን።

«መንግሥት ደግሞ አህያ መግፋት ጀመረ?»

«ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት» ትላለች ጸሐይ በጆሮዬ።

«ቡላዋ አህያ ወደ ኋላዋ ልትጎትት ነው» አለች ሲስተር፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ጎተተች!»

ኮሽ። ሃያ ሦስት የለም። ጸሐይ የለችም። ዝምታ።

ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ምሰሶው ወደ ቦታው ሲመለስ ሽቦው መልሶ ስለሚነካካ እንደገና ደወልኩ፤ አህያዋ እንደገና ጎተተች፤ ተቆረጠ። ሦስተኛ ጊዜ ደወልኩ። ይህን ጊዜ ሲስተር ዘውዴ ማዳመጫውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ጋሽ ሙዘይን አህያዋን ገፉ። ፊቷን አየሁት። ማዳመጫውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «አህያ!» አለች። ይቅርታ ሳልጠይቃት ወደ ምሰሶው ወጣሁ።

ጋሽ ሙዘይን ወጥተው እጅጌውን ከፈቱ። ቡናማ ውሃ ተንጠባጠበ። ሽቦዎቹ እንደ ሹሩባ ተጠምዝዘዋል፤ አንድም ብየዳ የለባቸውም። በጣታቸው ነካ ሲያደርጉ አረንጓዴ ዱቄት እየረገፈ ተለያዩ። ውስጡ በሰም የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ይህ የሙያችን ልማድ ነው፤ መጋጠሚያ የዘጋ ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ አብሮ ያሽጋል፤ ከስንት ዓመት በኋላም የሚከፍተው ሰው ማንን እንደሚመርቅ፣ ማንን እንደሚረግም ይወቅ ተብሎ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የጓድ ይርዳው ቡድን። ለአብዮት በዓል የተበረከተ።»

ጋሽ ሙዘይን ያን አንዱን እዚያው በየዱት። እኔ ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

የአህያው ወሬ ይርዳው ጆሮ ደርሶ ኖሮ፣ ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት ቢሮው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት ነበር። የመቋረጡ ምክንያት ጠላ ሻጭ በመንግሥት ንብረት ላይ አህያ በማሳሰሯ እንደሆነ፣ ይህም በጓድ ይርዳው አመራር እንደተደረሰበት ይናገራል።

«ፈርሚ» አለኝ። «ጠረጴዛሽ ይመለስልሻል። አሻጥር የሚለው ቃል ይሰረዛል።»

«መጋጠሚያው እኮ አልተበየደም።»

«የትኛው?»

«የከፈትነው።»

«እሱ አሁን ተበይዷል። ሌላ ከፍተሻል?»

«አልከፈትኩም።»

«እንግዲያው ስለ ሌላው አታውቂም።» ፈገግ አለ። «ካልፈረምሽ ደግሞ አህያዋን አስረሽ ያስነቀነቅሻት አንቺ ነሽ።»

በመስመሩ ላይ ሌላ ሠላሳ መጋጠሚያ እንዳለ አውቃለሁ። ሁሉም እንደዚያው እንደሆኑም አውቃለሁ። ብታሰር ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ሰው ሜገሩን እያሽከረከረ «ጉድለት አልተገኘም» ይላል፤ ሲስተር ዘውዴም «የምንገኘው…» እንዳለች ትቆረጣለች። ወረቀቱ ደረቴ ውስጥ ይኮሰኩሰኛል። አላወጣሁትም።

ፈረምኩ።

አዳራሹ የአህያውን ታሪክ ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። ለይርዳው ተጨበጨበ። እትዬ ድንቄ ቀበሌ ተጠርታ ግለ ሂስ አደረገች፤ ከዚያ ወዲያ በበሯ ሳልፍ ምራቋን ትተፋ ነበር። አልፈርድባትም።

ጋሽ ሙዘይን በር ላይ ነበሩ። «ፈረምሽ?»

«ፈረምኩ።»

«እንግዲያው ጠረጴዛው አለሽ» አሉ።

ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። ባዶ ካርድ አወጣሁ። ደህና በሆነ መስመር ላይ «ጉድለት አለ፤ ሁለተኛው መጋጠሚያ ይከፈት» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ሙዘይን ወጥተው ከፈቱት፤ አልተበየደም፤ በየዱት፤ ወረቀቱን አመጡልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስተኛውን ጻፍኩ። በሚቀጥለው አራተኛውን። ይርዳው ካርዶቹን ሳያነብ ይፈርምባቸው ነበር። ሥራው ሰባት ወር ፈጀ። ወረቀቶቹ ሠላሳ አንድ ናቸው፤ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉኝ። ከጤና ጣቢያው ከዚያ ወዲያ የመቋረጥ ካርድ አልመጣም። የመጨረሻው መጋጠሚያ ከተበየደ በኋላ የሐሰት ካርድ መጻፍ አቆምኩ።